ሰርቨሩን መቼ እናድስ?

ሰኞ፣ ማርች 3

መብራት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄዶ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ጄኔሬተሩ አራቴ አስሎ ተነሣ። የኋላ ክፍል ያለው ሰርቨር አልጠፋም፤ እግዜር ይመስገን።

ዛሬም አለቃዬን፣ እንደ ወጉ «ባ» ብዬ በአክብሮት ጠርቼ፣ ጠየቅኋቸው።

«ባ ሲንካላ፣ ሰርቨሩን መቼ እናድስ?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

አምናም ይኸው ነበር። ካቻምናም። ባ ሲንካላ ጥሩ አለቃ ናቸው፤ የሚሠራ ነገር ሲነካ ብቻ ያማቸዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ ለድረ ገጹ እዚያች አንድ ማሽን ላይ ቦታ ተከራይቷል። እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች... የውጪው በር አንድ ነው። ገጾቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ሰባት ዓመቱ። የሠሩት ሰዎች ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ካቆሙ ሁለት ዓመት አለፈ።

ምንም አለመሆኑ እኮ ነው የሚያስፈራኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

ሐሙስ፣ ማርች 6

ፈቀዱ! ጥርሳቸውን ተነቅለው ነው የመጡት፤ ጥጥ ነክሰው መከራከር አልቻሉም። አጋጣሚዬን ተጠቀምኩ።

ለሁሉም ደንበኛ ደብዳቤ ላክሁ። ቅዳሜ ማርች 29 ሰርቨሩ ይታደሳል፤ በድሮ አጻጻፍ የተሠሩ ገጾች ሊበላሹ ይችሉ ይሆናል፤ መሞከሪያ ቅጂ አዘጋጅተናልና እባካችሁ ቀድማችሁ እዩት።

ሰኞ፣ ማርች 10

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የመለሱት አምስት። አንዱ «አሜን» ብሎ መለሰ፤ ፓስተር ነው፣ ሳያነበው እንደሆነ ገባኝ። አንዷ የእኅቷን ሰርግ መጥሪያ ላከችልኝ።

ባ ጄሬ ግን ከሉዋንሺያ ድረስ በሚኒባስ መጡ። ደብዳቤዬን አሳትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች ሲጎዱ የመጀመሪያ እርዳታ ሲሰጡ ኖረው ጡረታ የወጡ። ገጻቸው ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስም፣ የደም ዓይነት፣ ስልክ። የየከተማው ነርሶች የሚፈልጉት እዚያ ነው።

እሳቸው ከንጎኒ ጎሣ፣ እኔ ከቤምባ፤ ከጥንት የተወረሰ የቀልድ ወግ አለን። ቤምባና ንጎኒ ተገናኝተው ሳይሰዳደቡ ከተለያዩ አንዱ ታሟል ማለት ነው።

«ባ ካሶንዴ፣ 'ሊበላሹ ይችሉ ይሆናል' ምን ማለት ነው? ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?»

«ሳይሞከር አይታወቅም፣ ባ ጄሬ።»

«እናንተ ቤምባዎች! ዝንጀሮ ስትበሉ ኖራችሁ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ መዝለል ተጋባባችሁ። ደህና ቦታ መቀመጥ አትችሉም?»

«እናንተስ? አይጥ በልታችሁ በልታችሁ ጉድጓድ ወደዳችሁ። ውጡ ሲሏችሁ ሞት ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞሩ።

«የእኅቴ ልጅ ነው የጻፈው፤ ላዛረስ። ከሞተ አራት ዓመቱ። ቀስ ብለሽ ንኪው።»

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የባ ጄሬን ገጽ ቅጂ በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ ከፈትሁት። ነጭ። የስሕተት መልእክት እንኳ የለም... ነጭ ብቻ። ላዛረስ ከዝርዝሩ ስም ለማምጣት የተጠቀመባቸው ትእዛዞች በአዲሱ ውስጥ ጭራሽ ቀርተዋል። አንድ መቶ ስድሳ ቦታ ላይ ጽፏቸዋል። ቆጠርኋቸው።

ሌሎችም ሠላሳ ገጾች ይሰናከላሉ፤ እነሱ ቀላል ናቸው።

ደወልሁላቸው።

«ነጭ ሆነ፣ ባ ጄሬ።»

«ነጭ ማለት?»

«ባዶ።»

«አሁን ያለው ግን ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ተዪው።»

ዓርብ፣ ማርች 14

ባ ሲንካላ ጥርሳቸው ዳነ፤ ሐሳባቸውንም ለወጡ። «ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ከሚጮህብን... ፋሲካ ይለፍ።»

እሺ አልሁ። ቶሎ ነው እሺ ያልሁት።

ወደ ቤት ስሄድ ቀለል አለኝ። ደስ አለኝ እንዲያውም። ለምን? ሦስት ዓመት የነዘነዝሁት ለምን ነበር ታዲያ? እሳቸው እንቢ ሲሉ እኔ «ተናግሬ ነበር» የምትል ብልህ ሴት እሆናለሁ፤ አንድ መቶ ስድሳ ቦታም አልነካም። ይመቻል እኮ። ካሶንዴ፣ ጎበዝ ነሽ...

ረቡዕ፣ ማርች 19

እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ጠዋት ዊግ የምትሸጠው ደንበኛችን ደወለች። «ባ ካሶንዴ፣ ገጼ ላይ ሰዎች ቁማር ይጫወታሉ!» ከፈትሁት፤ እውነቷን ነው። ፀጉሩ ጠፍቶ የቁማር ማስታወቂያ በማላውቀው ቋንቋ። ወደ ጎረቤቶቿ ሄድሁ... አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ አንድ ገጽ። በእሷ ገብተው ግቢውን ሁሉ እየዞሩ ነው። የገቡበት ቀዳዳ የታወቀ ነው፤ አዲሱ ላይ ከተደፈነ ዓመት አልፎታል።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰርቨሩን በሙሉ አጠፋሁት። ባ ሲንካላ የሻይ ስኒ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ ባ ጄሬ ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ነው። ሉዋንሺያ ሆስፒታል አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ኦ ኔጌቲቭ ነች። ማቀዝቀዣው ውስጥ የለም። ነርሷ አርባ ደቂቃ ሙሉ ገጹን ለመክፈት ስትሞክር ቆይታ ነው ለእሳቸው የደወለችው።

«ዝርዝሩ የት አለ፣ ልጄ?»

ጠዋት የተቀዳ ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ነበረኝ። እንደ ተራ ጽሑፍ ከፈትሁትና ፈለግሁ። በአካባቢው ዘጠኝ ሰው፤ ቅርብ ያሉት ሦስት። ባ ሲንካላ ስኒውን አስቀምጠው ስልኬን ነጠቁኝ።

የመጀመሪያው ዝግ ነው። ሁለተኛውን አንዲት ሴት አነሣችው። ከሰውዬው ከተፋታች ቆይታለች። «ካገኛችሁት ደሙን ሁሉ ውሰዱለት!» ብላ ዘጋች። ሦስተኛው የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ አሥራ አራት ሰው ጭኖ መንገድ ላይ። እዚያው አዞረው። ተሳፋሪው ሲጮህበት በስልኩ እንሰማለን... ከዚያ ነገሩን ነገራቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሁለት ተሳፋሪዎች አብረውት ወርደው «እኛንም መርምሩን» አሉ።

ተረፈች። ሴት ልጅ ነው የወለደችው።

ገጹ ክፍት ቢሆን አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አምስት።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ከንጹሕ ቅጂ ሁሉንም መለስሁ። ለጊዜው በሩን ባገኘሁት ነገር ደገፍሁት።

ለባ ጄሬ ደውዬ እውነቱን ነገርሁ። ቀዳዳው እንዳለ አውቅ እንደነበር። ዓርብ ለት ሲራዘም ደስ እንዳለኝም ጭምር።

«ገባኝ። አመሰግናለሁ፣ ባ ካሶንዴ።» ዘጉት።

ዝንጀሮ አላሉኝም። ምነው በሰደቡኝ...

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ሉዋንሺያ ሄድሁ። ላፕቶፕና አንድ ከረጢት ደረቅ ካፔንታ ይዤ። ባ ጄሬ ከረጢቱን ከፍተው አዩ።

«ዓሣ? አይጥ አጥተሽ ነው?»

ኡፍ! ልቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

ማንጎው ሥር ተቀመጥንና ላዛረስ የጻፈውን ከፈትሁላቸው። ውስጡን አይተውት አያውቁም። በየመስመሩ መሐል ለራሱ የተዋቸው ማስታወሻዎች አሉ፤ ማሽኑ የማያነባቸው፣ ሰው ብቻ የሚያነባቸው። ጮክ ብዬ አነበብሁ።

«አጎቴ ቀለሙን ለስድስተኛ ጊዜ አስቀየሩኝ።»

«ውሸታም! አራት ጊዜ ነው!»

«እዚህ ጋ አቋራጭ ተጠቅሜያለሁ። የንሺማ ገንፎው ቀርቧል።»

ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «እሱ ነው! ሆዳም ነበር!»

ወረድ ብሎ ሌላ አለ። ላንብበው አላንብበው አልሁና አነበብሁት። «ይህ ሁሉ አንድ ቀን መለወጥ አለበት። የሚለውጠው ሰው ይቅር ይበለኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«መለወጥ አለበት ብሏል?»

«ብሏል።»

«መቼ ነው የጻፈው?»

«የዛሬ ስድስት ዓመት።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አየሽ፣ እሱስ ከመጀመሪያውም አውቆታል። ያስቆየነው እኔና አንቺ ነን።»

ዛሬ ሃያ ሁለት ቦታ ለወጥን። ምራታቸው ንሺማ ስታቀርብ አቋራጭ አልተጠቀምሁም።

ሐሙስ፣ ማርች 27

አንድ መቶ ስድሳው አለቀ። በየቀኑ በሚኒባስ እየመጡ፣ እኔ ስለውጥ እሳቸው እየፈተኑ። እንደሳቸው ያለ ፈታኝ አላየሁም። ስም ሁሉ በቃላቸው ነው። «ይሄኛው የታለ? ይሄኛዋ ለምን ሁለቴ መጣች?» ዝርዝሩ ውስጥ የሞቱ አሥራ አራት ሰዎች አገኙ። አንድ በአንድ አወጡ፤ እያንዳንዳቸውን ስማቸውን ጠርተው።

ዛሬ ደግሞ ባ ሲንካላ ራሳቸው መጥተው፣ «መቼ ነው?» አሉኝ። እሳቸው! ራሳቸው!

መቼ? ደንበኛ የሚያንስበት ሰዓት ያስፈልገኛል። እሑድ ጠዋት አልሁ፤ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። መዝገቡን ከፈትሁት... እሑድ ጠዋት ከሳምንቱ ሁሉ የሚበዛበት! አሥራ ዘጠኝ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱን በእኛ በኩል ያስተላልፋል። ስንት ዓመት እዚህ ሠርቼ ይህን አለማወቄ...

ባ ሲንካላ የጎብኚውን ብዛት በሚያሳየው ግራፍ መስመር ላይ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ሰርቨሩ ወድቆ ነበር?» ቀኑን አየን። አልወደቀም። ብሔራዊ ቡድኑ ይጫወት ነበር።

ቀጣዩ ግጥሚያ ቅዳሜ ኤፕሪል 5፣ ዘጠኝ ሰዓት። ተቆረጠ!

ለነርሶቹ ዝርዝሩን በወረቀት አትመን እንልካለን። ባ ጄሬም ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ባ ጄሬ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው መጡ። ባ ሲንካላ «እኔ ኳስ አልወድም» አሉ፤ ቦርሳቸው ውስጥ ሬዲዮ አለ።

ፊሽካው ሲነፋ ሰርቨሩን አቆምሁ። በመሐል ባ ሲንካላ ጮሁ፤ ነፍሴ ወጣች፤ ኬብል የተቃጠለ መስሎኝ ዘልዬ ተነሣሁ። ጎል ነው! ኳስ አይወዱም...

በእረፍት ሰዓት ሰዉ ስልኩን አንሥቶ ወደ ገጾቹ ጎረፈ። «ሂዱ፣ ኳሳችሁን እዩ!» እያልሁ ስክሪኑ ላይ ሳጉተመትም ባ ጄሬ በእኔ ሳቁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ተነሣ። የዊግ ሻጯ ገጽ የመግዣ ቅርጫት አልሠራም፤ አስተካከልሁት። ሌሎችንም እንዲሁ። ከዚያ ወንበሬን ለባ ጄሬ ለቀቅሁ። በአንድ ጣት ጻፉ፤ ኦ ኔጌቲቭ፣ ሉዋንሺያ። ተጫኑ።

ነጭ... ለአንድ ሰከንድ ነጭ። ልቤ!

ዘጠኝ ስም መጣ።

«ባ ጄሬ፣ ቡድኑ ሁለት ለአንድ ተሸንፏል» አሉ ባ ሲንካላ።

«ማን ጠየቀዎት?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስሞቹ ሳያነሡ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ስምንት ቅሬታ። ሠላሳ የተባለው ስምንት! ፓስተሩ ደውሎ፣ «ገጼ ተዛብቷል፤ ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለኝ። «አሜን ብለውን ነበር» አልሁት።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ጠዋት አዲስ ማስተካከያ ወጣ። ከኤፕሪል ወዲህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ቅጂው ላይ ጫንሁት። ባ ጄሬ ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበር አላቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውንም ገጽ ይፈትናሉ፤ ጥፋት ሲያገኙ ባለቤቱን ደውለው ይቆጡታል። ሻይ ሳይቀርብ ባ ሲንካላ፣ «ለመቼ ወሰንሽ?» አሉኝ። ለሐሙስ አልሁ። ያ ሁሉ ወሬ በቃ ይኸው ነው። ለደንበኞች አጭር ደብዳቤ ጽፌ ወጣሁ።

ማታ እራት ላይ ባሌ ቺሌሼ ያየኛል፣ ያየኛል።

«ስልክሽ ጠፋ?»

«መኝታ ቤት ነው።»

«ታመምሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ተነሣ። ሄዶ ስልኩን አይቶ ተመለሰ።

«ምነው?» አልሁት።

«አይ... እስከዛሬ እራት ላይ ሲጮህ ለምዶብኝ። ዝም ሲል እኔንም አስፈራኝ» አለ።

ስልኩ ዝም ብሏል። ንሺማውን ደገምሁ።