ባለሱቁ ይችላል ያለው ላፕቶፕ

ግንቦት 6
ባሌ ላፕቶፕ ገዝቶልኝ መጣ። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ደስ አለኝ... እስክከፍተው። ራሙ፣ ማለት የሥራ ሜሞሪው፣ ስምንት ጊጋ ብቻ! የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙን እንዴት አድርጎ ይሸከማል? ባለሱቁን ጠይቄዋለሁ፣ ይችላል ብሎኛል አለ። ባለሱቁን! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደረግኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ደውሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? አመሰግናለሁ ብዬ ዋጥ አደረግኳት። ተቀጥሬ ከምሠራበት ስቱዲዮ ከወጣሁ ይሄ ሰርግ የመጀመሪያ የግሌ ሥራ ነው። የሙሽራዋ እናት ፊልሙን በሳምንት ይፈልጋሉ። ከተበላሸ ስሜ ያኔውኑ አለቀለት።

ግንቦት 8
ከፊልሙ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆርጥ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ባሌ ኮምፒውተር አዋቂ የሚባል ጓደኛውን ይዞ መጣ። ሁለቱ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ሰውዬው ነካክቶ ነካክቶ፣ ፕሮግራሙን በደንብ አልጫነችውም ይሆናል አለ። ለባሌ ነው የሚነግረው! እዚያው ቆሜ።

ግንቦት 9
እኔው መላ መታሁ። ከየቀረጻው ቀለል ያለ፣ ደብዛዛ ቅጂ አወጣሁ። በእሱ እቆርጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ በዋናው ምስል እተካዋለሁ። ዋናውን ይሄ ላፕቶፕ ስለማይችለው የቀድሞ አለቃዬን የስቱዲዮውን ኮምፒውተር መለመኔ ነው... ሳስበው ያንገሸግሸኛል። ለባሌ አላስረዳሁትም። ተናድጄ ስለነበር "እንዳትነካው" ብቻ አልኩት።

ግንቦት 12
ሱቅ ደርሼ ስመለስ ባሌ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ ጠበቀኝ። ፊልሙን ተቆርጦ አልቆ ሲያገኘው በፍላሽ ገልብጦ ለሙሽራዋ እናት ወስዶላቸዋል። ደብዛዛውን! በትንሿ ስክሪን ልዩነቱ አልታየውም። "ይኸው ቻለ አይደል?" ይለኛል። ስሜ እኮ በትልቁ ተጽፎበታል!
አመሻሽ ላይ እናትየው ደወሉ። ዘመድ ሰብስበው በግድግዳው ቴሌቪዥን ከፍተውት ነበር። አልተቆጡም። "የልጄ ፊት የታለ?" ብቻ አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ።

ግንቦት 13
ባሌን አላናገርኩትም። ግን ደብዛዛ መሆኑን ብነግረው ምን ነበር? ብነግረውስ ይሰማኝ ነበር? እንጃ።
እናትየውን ለዋናው ጥቂት ቀን አስጨምሬ አለቃዬ ጋ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። "ተመለስሽ?" አለ፣ እየሳቀ። ኮምፒውተሩን የምፈልገው ለሦስት ቀን ብቻ ነው አልኩት። ይሳቅ።

ግንቦት 17
ዋናውን ይዤላቸው ሄድኩ። ባሌ ልሸኝሽ ብሎ ተከተለኝ፤ ይቅርታ መጠየቁ መሆኑ ነው። ፊልሙ ተከፈተ። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። እናትየው እጄን ይዘው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም። እህታቸው የእሳቸውም ልጅ በሦስት ሳምንት እንደምታገባ ነገሩንና የእሷ ፊልም በሰርጉ ማግስት ይደርስ እንደሆነ ጠየቁ። ባሌ ቀደመኝ። ምን ችግር አለ፣ ላፕቶፑ እኮ...
"የተጠየቅኩት እኔ ነኝ" አልኩት፣ ሰው ሁሉ ፊት።
ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ነው ያልኩት።
ወደ ሴትየዋ ዞርኩና አይደርስም አልኳቸው።