የዋበሪ ነጭ በር

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በጅግጅጋ ከተማ በመኖሪያ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እኔ አምሀ ደስታው፣ ዕድሜዬ ስድሳ አራት፣ ሥራዬ የሱቅ ግድግዳና የማስታወቂያ ሥዕል፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ፈቃዴን በቃሌ እናገራለሁ። የምትጽፈው ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደረው ወ/ሪት ሀምዲ ናት። ጉበቴ ታሟል፤ ሰኞ ለሕክምና ወደ ሐረር እወሰዳለሁ፤ መመለሴን አላውቅም። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው።

ሌላ ተናዛዥ ይህችን ቃል ተናግሮ ያልፋታል። እኔ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም "አምሀ አእምሮው ጤነኛ ነው" ሲባል ቢሰሙ የሚስቁ ሽማግሌዎች በዚህ ከተማ ገና በሕይወት አሉ። በ1988 ዓ.ም. አረቄ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ ቤት ለማላውቀው ሰው ለመሸጥ ፈርሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "ይህ የአረቄ ፊርማ ነው" ብለው ወረቀቱን ቀደዱት። ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ይመዝገብልኝ፦ ከጥር 10 ቀን 1991 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ አሥራ አምስት ዓመት ከአሥር ወር ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ የሚያሰክር ነገር በከንፈሬ አላለፈም። ሀምዲ "እንዲህ ያለ ዝርዝር ኑዛዜ ላይ አይጻፍም" ትላለች። ጻፊው ብያታለሁ።

አንደኛ፣ በስሜ የተመዘገበውን ይህን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነግቢው ለቤዛ እሰጣለሁ። ቤዛ የሟች ባለቤቴ የሙሉመቤት ልጅ ናት። ከአብራኬ አልተከፈለችም፤ እናቷን ሳገባ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ይህ ወረቀት ከሌለ በሕግ ፊት ባዕድ ናት፤ የእኔ የተባለውም ለታናሽ ወንድሜ ለኤፊ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ቤቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ሙሉመቤት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ብሎኬት በብሎኬት አቆመችው። እኔ በዚያ ዘመን ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ሳቆም ነበር። ልጇ በእናቷ ቤት ተከራይ እንድትሆን አልፈቅድም።

ሁለተኛ፣ ለወንድሜ ለኤፊ የአባታችንን የኪስ ሰዓት እሰጣለሁ። በስካር ዘመኔ ያልሸጥኩት ብቸኛ ዕቃ ነው። ያልሸጥኩትም ጨዋ ሆኜ ሳይሆን ሙሉመቤት በስፌት መኪናዋ ሣጥን ውስጥ ደብቃው ነው። ኤፊ፣ ባለፈው ሳምንት በስልክ "ሰካራም ምን ኑዛዜ አለው?" ማለትህን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩህም። ከድሬዳዋ እየመጣህ ስንት ጊዜ ከቦይ አንሥተህ አጥበኸኛል፤ የተናገርከው ያየኸውን ነው። የአባታችንን ተዝካር ካበላሸሁብህ ወዲህ ግን እግርህ ጅግጅጋን አልረገጠም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ይህን ኑዛዜ ልታስፈርስ ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ቀጣዩን አንቀጽ አንብብ።

ሦስተኛ፣ በመኝታዬ ራስጌ የተሰቀለውን፣ "ነጩ በር" ያልኩትን የሸራ ሥዕል ለወዳጄ ለአቶ ዋበሪ እሰጣለሁ። የዚህን ምክንያት ማሳጠር አልችልም።

ዋበሪ የግመል ሥጋ ቤት አለው። በአገራችን ሥጋ ቤት የሙስሊም ከሆነ በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ፣ የክርስቲያን ከሆነ መስቀል ይሣላል፤ ሰውም ያንን አይቶ ይገባል። በ1991 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥርና ጥምቀት ተከታትለው ዋሉ። በዒድ ዋዜማ ዋበሪ ግመል ሊገዛ ወደ ቀብሪበያ ሲሄድ አዲሱን በሩን አሳይቶኝ "ጨረቃውን ለነገ አድርስልኝ" አለኝ። እኔ ከቀትር ጀምሮ ስጠጣ ውዬ አመሻሽ ላይ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ በወታደሮቹ ካምፕ አጠገብ ላሉት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ስሥለው የሰነበትኩትን ቀይ መስቀል በዋበሪ በር ላይ አሳምሬ ሣልኩት። አሳምሬ ስል አልቀለድኩም፤ ሰክሬ እንኳ መስመሬ ቀጥ ያለ ነበር።

በማግሥቱ ሰው ከዒድ ሰላት ሲመለስ በሩ ፊት ቆመ። ሥጋው ተሰቅሏል፤ የሚገዛ የለም። ሆን ተብሎ የተሠራ ስድብ መስሏቸው የተቆጡ ነበሩ፤ ቢቆጡም አልፈርድባቸውም። ከበሩ ማዶ የቀለም ጣሳዬን ተንተርሼ ተኝቼ ነበርና ጩኸታቸው ቀሰቀሰኝ። ዋበሪ በሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ኖራ በባልዲ በጠበጠና የዒድ ልብሱን እንደለበሰ በሩን በገዛ እጁ ነጭ ቀባው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ በሶማሊኛ እንዲህ አለ፦ "ይህ ሰው ማንንም አልሰደበም። ታሟል። ሲድን ራሱ መጥቶ ያስተካክለዋል።"

ሰካራም ሲሉኝ፣ ባለጌ ሲሉኝ፣ ከንቱ ሲሉኝ ኖሬያለሁ። "ታሟል" ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጠጣሁም። ጀግንነት አልነበረም፤ አፍሬ ነው።

መጠጡን ስተው እጄ ከዳኝ። ሰክሬ ቀጥ ይል የነበረው መስመር ሳልጠጣ ተጣመመ፤ ማንኪያ እንኳ ከእጄ ይወድቅ ነበር። የዋበሪም በር ስድስት ወር ሙሉ ነጭ እንደሆነ ቆየ። በከተማው ሌላ ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም። እንግዳ ሰው ምልክት አጥቶ እያለፈ ሲሄድ፣ ዘመዶቹ "ለምን ሌላ አታሠራም?" ሲሉት፣ መልሱ አንድ ነበር፦ "ሠዓሊው አልጨረሰም።" በየቀኑ ሥራ ሲፈታ ያስጠራኛል፤ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ይቀዳልኛል፤ "እጅህን አሳየኝ" ይለኛል። እዘረጋለሁ፤ ይንቀጠቀጣል። "እሺ፣ ነገ" ይለኛል። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን እጄን አየና ብሩሹን አቀበለኝ። ከእሱ የሚበልጥ ትዕግሥተኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህንንም እሱ እየሰማ እናገራለሁ፤ ቢያፍር ይፈር።

ጨረቃውን ሣልኩ። ሠዓሊ የሆንኩትም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ መፈክር ስጽፍ፣ ከ1983 በኋላም ለሱቆች የታዘዝኩትን ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጠጥ ሳቆም ቀኑ ረዘመብኝ፤ ምን እንደማደርገው ስላጣሁ ቀብሪበያ ገበያ እየሄድኩ ግመል ሳይ እውል ጀመር። ግመል ሲነሣ አስቀድሞ የኋላ እግሩን እንደሚያቆም ስምንት ዓመት ግመል ስሥል አላስተዋልኩም ነበር። ከዚያ በኋላ የእኔ ግመሎች በሱቅ ግድግዳ ላይ መነሣት ጀመሩ። ከደምበልና ከአውበሬ ድረስ እየመጡ ያሠሩኝ ነበር። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር የሚታተም ባነር ይሰቅላል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፈው ፀሐይ ይበላዋል፤ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ሙሉመቤት ቤዛን ይዛ እህቷ ዘንድ ከገባች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በ1992 አንድ ቀን ስሥል ከኋላዬ ቆማ "የግመሉ አንገት አጥሯል" አለች። ሰላምታዋ ይኸው ነበር። አንገቱን አስረዘምኩት። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ አሥር ዓመት አብረን ኖርን፤ አንድም ሥዕል ሳትተች አላለፈችም፤ ሁልጊዜም ልክ ነበረች። እጅግ እወዳት ነበር።

ቤዛ ዘገየች። ስትስመኝ ትንፋሼን ታሸት ነበር፤ እንዳላወቅኩባት ይመስላት ነበር። እያደገች፣ አስተማሪ ሆና አውበሬ ከተመደበችም በኋላ፣ ለስምንት ዓመት በመጣች ቁጥር ታሸተኛለች። ልጅቱ መብቷ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከሚኒባስ ወርዳ፣ ወሬ እያወራች፣ ማሽተቱን ረስታ ሳመችኝ። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀኑንም በ"ነጩ በር" ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

አራተኛ፣ ብሩሾቼንና መሰላሌን ለኤብላ እሰጣለሁ። ኤብላ ለሙሽሮች ሂና የምትቀባ ሴት ናት። ጥለቷን ሳትነድፍ በቀጥታ በቆዳ ላይ ታፈሰዋለች፤ እኔ እንደዚያ ያለ እጅ በሕልሜም የለኝም። ግድግዳ መቀባት እንደምትመኝ ነግራኛለች። በማርዎ ሻይ ቤት ጀምሬ የተውኩት ሰማያዊ ፔርሙስ አለ፤ ክዳን የለውም። ክዳኑን ኤብላ እንድትጨርስልኝ አደራ እላለሁ።

አምስተኛ፣ በቀብሬም ሆነ በተዝካሬ ጠላም አረቄም እንዳይቀርብ። የተናደደ ካለ ሻይ ይጠጣ።

እስከዚህ ሀምዲ አነበበችልኝ፤ ቃሌ መሆኑንም አረጋገጥኩ። ምስክሮች ግን አራት መሆን ሲገባቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራተኛው አቶ ዐብዱልቃድር ከቀብሪበያ የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ቀጥሎ የሆነውንም እንድትጽፈው አዝዣለሁ።

ዋበሪ ከተቀመጠበት ተነሥቶ "እኔ እፈርማለሁ" አለ።

"አዴር፣ እርስዎ አይችሉም" አለችው ሀምዲ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። "ሥዕሉ ለእርስዎ ተሰጥቷል። ምስክር የሆነ ሰው ደግሞ ከኑዛዜው ምንም አይወስድም።"

ዋበሪ በመስኮቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥዕሉ አየ። ዐርብ ዐርብ ከሰላት መልስ እየመጣ ፊቱ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ካለኝ ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሚወደው።

"ሰርዢው" አላት።

"ዋበሪ፣ ተው። ዐብዱልቃድርን እንጠብቅ" አልኩት።

"ወላሂ አልጠብቅም። ኤፊ መጥቶ 'ወንድሜ ሰክሮ ነው' ሲል ዐብዱልቃድር ምን ብሎ ይመልስለታል? ስትሰክር ያየሁህ እኔ ነኝ። ስትተወውም ያየሁህ እኔ ነኝ። ልጅቷ ቤቷን ትውሰድ፤ ሥዕሉን ከፈለግሁ እሷ ቤት መጥቼ አየዋለሁ።"

ከዚያ ወደ እኔ ቀረበና ጎንበስ ብሎ አፌን አሸተተኝ። "ምስክር ያልመረመረውን አይመሰክርም" አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጎኔን እስኪያመኝ።

ስለዚህ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይታረም፦ "ነጩ በር" ለቤዛ ይሁን። ጀርባውን ገልብጣ ታንብበው። ስለ ዋበሪ የተናገርኩት ምክንያት ግን አንድም ቃል እንዳይሰረዝ። ከዚህ በፊት በማንኛውም ወረቀት ላይ ያኖርኩት ቃል ካለ በዚህ ተሽሯል።

ተናዛዥ፦ አምሀ ደስታው (ፊርማ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም)

ጸሐፊ፦ ሀምዲ ማሃድ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ተናዛዡ ይህን ቃል ሲናገርና ሲነበብለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድነት አብረነው ነበርን፤

1ኛ፦ ኸሊፍ ሮብሌ፣ ጡረታ የወጣ መምህር (ፊርማ)

2ኛ፦ ዑባህ ጉሌድ፣ የግቢ ጎረቤት (ፊርማ)

3ኛ፦ ጉሃድ ዋርሳሜ፣ ፀጉር አስተካካይ (ፊርማ)

4ኛ፦ ዋበሪ ሂርሲ፣ ሥጋ ነጋዴ (ፊርማ)። ከፊርማው በላይ የሚከተለውን በገዛ እጁ ጽፏል፦ "ያንን ቀን የሣለውን በኖራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህንን አላጠፋም። ሲድን ያስተካክለዋል ብዬ ነበር። አምሀ ድኗል።"