ዲኖን የቀደምኩበት ዳገት

ጥቅምት 12

ዛሬም ተጠራሁ። የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ካሳሁን ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኩ። የጎረቤታችን የሄመን አባት አርፈዋል፤ ልጁ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ አልሰማም፤ ያው እንደተለመደው መምህር ያርዳው። ቡራዩ ውስጥ አፍ ያለው ሰው ሞልቷል፤ መርዶ ሲሆን ግን የኔ አፍ ለስላሳ ነው ይባላል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘሁት ሹመት ይኸው ነው።

ዘዴው የታወቀ ነው። ስልኩን በሰበብ ትቀበለዋለህ። ታበላዋለህ፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም። ያለውን ሁሉ እሺ ትላለህ። ከኋላ ከኋላው ትሄዳለህ እንጂ ብቻውን አትተወውም። ቤቱ አድርሰህ ለሰዉ ታስረክባለህ። እስከ ዛሬ የነቃብኝ የለም።

ሄመንን ከፋብሪካው በር ላይ ተቀብዬ ቀበሌ ለፊርማ ትፈለጋለህ አልኩት። መታወቂያውን ከኪሱ አወጣ። ሲነገረውም፣ ሲያለቅስም በእጁ ነበር። ሌላውን ሁሉ ለምጄዋለሁ... መታወቂያውን ግን ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 15

ዲኖ ሱቅ ዋልኩ። የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ልቡ ግን ብስክሌት ላይ ነው። ድሮ አስተምሬዋለሁ። አሁን እሱ ዳገት ያስተምረኛል፣ በአንቱታ እየሰደበ።

የሦስት ቀን የብስክሌት መንገዳችን ተወሰነ። መጀመሪያ ቀን በእንጦጦ አድርገን ሱሉልታ። ሁለተኛ ቀን ያንኑ ዳገት ተመልሰን፣ ገፈርሳን አልፈን መናገሻ። ሦስተኛ ቀን የወጨጫን ጥግ ይዘን ሰበታ። ከሰመረ ካርታ እናሳትማለን፣ ብስክሌተኛ ከከተማ ይመጣል፣ ያድራል፣ ይበላል ይላል ዲኖ። ይምጣ። እኔ የምሄደው ለመጨረሻው ቤት ነው።

መጨረሻው እትዬ የሺሃረግ ቤት ነው። ታላቄ፣ ያሳደገችኝ። ክረምቱን ደም ግፊቷ ሲያስቸግራት ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። ደውዬ ነገርኳት። ሰበታ ለመምጣት ሚኒባስ ጠፍቶ ነው ተራራ የምትዞረው? አለች። ደም ግፊቱስ? አልኳት። ከአንተ ጎማ ይሻላል። ከዚያ፦

"በሦስተኛው ቀን ለምሳ ካልደረስክ ለጎረቤት ነው የማበላው።"

ትልቁን ድስት ከመደርደሪያ ልታወርድ ነው ማለት ነው። እደርሳለሁ።

ጥቅምት 18፣ ሱሉልታ

እግር የሚባል ነገር የለኝም። እንጦጦ ላይ አንዲት ሯጭ በእግሯ አለፈችኝ፣ በትሕትና። "አይዞዎት አባባ" አለችኝ። አባባ!

ዲኖ አናቱ ላይ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። "ዱሁርን ሰግጄ፣ የአስር ሶላት ደረሰ እንዴ እያልኩ ነበር፣ መምህር።"

ቁልቁለቱ ብቻ የኔ ነው። ነፋሱ ዕንባ ያስወጣል፤ የሱሉልታ ሜዳ ከታች ቢጫ ለብሷል። እትዬ የሺ ብታየኝ ምን ትል ነበር? ደወልኩላት። ድስቱ ወርዷል።

ጥቅምት 19፣ ቡራዩ

ዲኖን ቀደምኩት!

ይጻፍ፣ ማስረጃ ይሁን። ሱሉልታ ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ወጣ፣ ቆየ። ሃዋ ናት አለኝ፣ ሚስቱ። የራሱን ሳይነካ ለኔ ጨመረልኝ። ይብሉ መምህር፣ ዳገት አለ። ባትሪው ስላለቀ መንገዱን በኔ ስልክ ልከተል ብሎ ስልኬን ወሰደ።

ከዚያ ዳገቱ። ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ፊት ነኝ። ዞር ስል አንገቱን ደፍቶ ከሩቅ ይመጣል። አንድ ስድብ የለ። "ሰግጄ ልጠብቅህ?" ብዬ ጮህኩ፣ እኔ የማርያም ማኅበርተኛው። አናቱ ላይ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋልኝ።

ሆዴን አመመኝ፣ መናገሻ ይቅር፣ ቤታችን እንደር አለ ዲኖ። የተሸነፈ ሰው ሆዱን ያመዋል። እንግዲያው ነገ በቀጥታው መንገድ ሰበታ፣ ለምሳው አልኩት። እሺ። ካርታው ላይ ይህ ዳገት በስሜ ይጠራ። እሺ። እስከ ቤቴ በር ድረስ ከኋላዬ መጣ። ስልኬን ሳይመልስልኝ ሄደ።

ባለቤቴ ፀደንያ ለምን ተመለስክ እንኳን አላለችኝም። ራት ቀድሞ ቀርቧል፣ ጎረቤት ወጣ ገባ ይላል። ትዳር ሲቆይ እንዲህ ነው፣ ጥያቄ ያልቃል።

እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነው? ለእትዬ የሺ ነገ ፊት ለፊት እነግራታለሁ።

ጥቅምት 20

እትዬ የሺ ሞተች።

ጥቅምት 24

ያን ቀን ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኦቦ ካሳሁን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች። አካም ቡልቴ አሉኝ። ደኅና አደሩ አልኩ። ያው ሊጠሩኝ መጥተው ነው።

"ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነው?" አልኳቸው፣ ጃኬቴን ላነሳ እየዞርኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አንድ እጅጌ አጥልቄ ነበር። እንደዚያው ቀረሁ። ከሰዎቹ መሀል ዲኖ ቆሟል፣ ስልኬን በሁለት እጁ ይዞ። ልክ ሄመን መታወቂያውን እንደያዘው... ያኔ ገባኝ። ቃል የተናገረ የለም። የሚያረዳው ሰው እኔ ስለነበርኩ ሌላ ተናጋሪ አላዘጋጁም።

የሞተችው በዳገቱ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ድስቱን ስታጥብ ወደቀች። እኔ እንጦጦ ላይ እጄን ስዘረጋ እሷ ተገንዛለች።

በሚኒባስ ሰበታ ደረስን። በሦስተኛው ቀን። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከዚያው ድስት ለጎረቤት ቀረበ። ቃሏን ጠበቀች።

ኅዳር 2

የጥቅምት 12ን አነበብኩ። ስልክ መቀበል። ማብላት። እሺ ማለት። ከኋላ መሄድ። አንድ አልቀረም። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ግን በሳምንቱ ሲደረግብኝ የእግሬ ጉልበት መሰለኝ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ለምንድን ነው?

ኦቦ ካሳሁንን ይቅር ብያለሁ። ፀደንያንም። ዳገቱን ግን አልቻልኩም። ሆን ብሎ አሳለፈኝ። አዘነልኝ... እኔም ጨፈርኩ።

ኅዳር 9

ዲኖ ሱቅ ሄድኩ። ሲያየኝ ተነሳ። ቁጭ በል አልኩት፣ አልተቀመጠም። ለምን አሳለፍከኝ? አልኩ። እጁ ላይ የነበረውን የባጃጅ መስታወት ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ ነበር።

"አላሳለፍኩዎትም። ፊቴን እንዳያዩ ነው ከኋላ የቀረሁት።"

በእኛ በሙስሊሞቹ ቢሆን እዚያው ምሳው ላይ እነግርዎት ነበር፤ ለቀብር ይሮጣል እንጂ ሰው አይታለልም አለ። የደወሉለት ኦቦ ካሳሁን ናቸው። እንዴት ላድርግ ቢላቸው፣ "መምህር እንደሚያደርገው አድርግ" አሉት።

ሰግጄ ልጠብቅህ ብለው ሲጮሁ... ብሎ ጀመረና ተወው። መስታወቱን አስቀመጠ። እኔም ቁጭ አልኩ። ደንበኛ መጥቶ ፍሬን ሸራ አለ ወይ ሲል አብረን ፈለግንለት።

ኅዳር 30

ትናንት አርባዋ ወጣ። ዛሬ ኦቦ ካሳሁን ጠሩኝ፤ አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ፣ እናቱ አርፋለች። እምቢ ልል ነበር። ሄድኩ። ስልኩን አልተቀበልኩትም። በር ላይ እጁን ይዤ፣ እናትህ አርፋለች አልኩት። በባዶ ሆዱ ሰማ። አንገቴን አንቆ ያዘኝ... ብዙ ቆየ።

ኦቦ ካሳሁን አኩርፈውኛል። ምነው ሳታሳርፈው? ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ቢያንስ ሲስቅ አልተገኘም።

ታኅሣሥ 8

መንገዱን እንደገና ጀመርን። ሙሉውን፣ እስከ ሰበታ። ነገ የምንደርሰው መቃብሯ ጋ ነው፤ ካርታው ላይ መጨረሻው አሁንም "እትዬ የሺ" ነው።

ሱሉልታ ምሳ ላይ የዲኖ ስልክ ጮኸ። ጉርሻዬ አየር ላይ ቆመ። ሳልጠይቀው ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ሃዋ ናት። ድምፁንም ከፍ አደረገልኝ፤ ነገ ስትመለስ ዘይት ይዘህ ና ትላለች። ጎረስኩ።

ዳገቱ ላይ ፊት ጀመርኩ። ከኋላዬ ጎማው ተሰማኝ። አልዞርም አልኩ። በሁለተኛው ኩርባ በጎኔ አለፈኝ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። "ግራዎን ይያዙ መምህር፣ መኪና ሊያልፍ ይችላል፣ ከርስዎ ይፈጥናል" ብሎ ሄደ።

አናቱ ላይ ስደርስ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ። ሰግዶ መጨረሱን፣ እንቅልፍም መተኛቱን፣ ሕልምም ማየቱን ነገረኝ።

ከሁለት ሰው ሁለተኛ ወጣሁ። አገር ሰላም ነው።