ያልነገርከኝ የክረምት ደሴት

ማቴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። አንተን እንዲህ ብዬ ልጠይቅህ ስል ግራ ገባኝና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ቆይቼ መልሼ አነሳሁት። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሰኔ ገብቷል፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ለሞተ ሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። የጸሎት ኅብረታችን እህቶች ቢያዩኝ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሙታን ደብዳቤ አያነቡም፣ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ የምጠይቅህ ጉዳይ አለ፤ መልሱን ደግሞ ከአንተ ሌላ የሚያውቀው የለም። አነበብከውም አላነበብከውም ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጉዳዩ የክረምቱ ደሴት ነው።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ፣ አለዚያ ትቆጣለህ። ጣሪያው ላይ የሰቀልከው ዲሽ በመጋቢት ነፋስ ዞረብን። አንተ ብትኖር ኖሮ ወጥተህ «መጣ?» ትል ነበር፣ እኔም ከሳሎን ሆኜ መጣ፣ ሄደ፣ ትንሽ መልሰው እያልኩ እጮህልህ ነበር። የቀራንዮ ሰው ሁሉ የእኛን ቴሌቪዥን በጆሮው ያየው ነበር እኮ። አሁን ሌላ ሠራተኛ አስጠራሁ። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፤ ዜናውንም መዝሙሩንም አመጣልኝ። ደሴት ብቻ የሚያሳየውን ያንን ጣቢያህን ግን አላገኘውም። የትኛው ነው ቢለኝ ባሕር ያለበት አልኩት። ባሕር የሌለበት ጣቢያ የለም እናቴ አለኝ። ለካ ስሙን አላውቀውም። እኛ ቤት «የማቴ ቻናል» ከማለት በቀር ስም ኖሮት አያውቅም።

ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ በሄድኩ ቁጥር በመስኮት አንጋጥጬ የኮንዶሚኒየሞቹን ዲሾች አያለሁ። አንተ የሰቀልካቸውን ለይቼ ላውቅ እሞክራለሁ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዩ አልለያቸውም። አንድ ቀን እንዲህ ስል ከፌርማታዬ አልፌ ሄጃለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልመለስ። ይህ የወቅት ጣጣህ ከየት እንደመጣ አንተ ራስህ ነበርክ የምታወራው። ቦንጋ ተወልደህ፣ ዝናብ ሊያቆም ሲል በሚጀምርበት አገር አድገህ፣ አዲስ አበባ ስትመጣ ዓመቱ አራት ቦታ መከፈሉን በዓይንህ አየህና ተገረምክ። ለእንግዳ ሁሉ ስታወራ «ከዝናብ ሸሽቼ መጥቼ ዘነበችን አገባሁ» ትል ነበር። በየጊዜው እንደ አዲስ ትስቅበታለህ። እኔም እናቴ ባወጣችልኝ ስም ስንት ዓመት ተሳቀብኝ።

ከዚያ ያ ጣቢያ መጣ። የሰው ጣሪያ ላይ ወጥተህ ዲሹ መያዝ አለመያዙን የምታረጋግጠው በእሱ ነበር። ማታ ስትገባ ያየኸውን ደሴት ይዘህ ትገባለህ። ንግግሩ በፈረንጅኛ ስለሆነ ግማሹን ትሰማለህ፣ ግማሹን ትሞላለህ። እንደዚህ እንደዚህ እያልክ ለየወቅቱ የምንሄድበት አንድ ደሴት ደለደልክ። ለመፀው ሞሪሸስ፣ አውሎ ነፋሱ ሳይደርስ። ለበጋ ማልዲቭስ፣ ያኔ እንደ እኛው አገር ደረቅ ነው ብለህ። ለፀደይ ሲሸልስ፣ ምክንያቱም በሚያዝያ አንዱ ነፋስ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ባሕሩ ሳፋ ውስጥ እንዳለ ውኃ ይተኛል አልከኝ። እኔ ፀደይ አደይ አበባ የሚያብብበት መስከረም ነው ብዬ ድርቅ ስል፣ አንተ ደግሞ እሱ የክረምቱ መውጫ ነው፣ ፀደይ ሚያዝያ ነው ስትል ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር። እስከ ዛሬ መፀውና ፀደይ ይምታቱብኛል። ሕጉ ግን አንድ ነበር፤ አንድ ደሴት ለሁለት ወቅት አይሰጥም።

የክረምቱን ግን አልወሰንክም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሦስቱ ለጨዋታ ነበሩ። በዝናብ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ስለሌለ አንተ ሥራ የምትፈታው በክረምት ብቻ ነው፤ እንሂድ ቢባል የምንሄደው በዚያው ነው። ስለዚህ የክረምቱ የምር ነበር። ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ ሶፋው ላይ ተቀምጠን አንዱን ታነሳለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ። እኔ ዛንዚባር ብልህ «ዛንዚባርማ ጎረቤት ናት፣ በሚኒባስ ይደረሳል» ብለህ ሳቅክብኝ። ክረምቱ ያልቅና ደሴቱ ሳይመረጥ መስከረም ይጠባል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ቸኩዬ አላውቅም። አንተን ቀኑን ሙሉ ቤት የማገኝህ በክረምት ብቻ ስለነበር፣ ባትመርጥም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ሐኪም ቤት ተኝተህ፣ የኦክስጅኑ ጭንብል አፍህን ሸፍኖት፣ እጄን ሳብ አደረግከኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «የክረምቱን… ሲሸልስ» አልከኝ። የሰማሁት ይህን ነው። እኔም እጅህን እያሻሸሁ ጥሩ ምርጫ ነው፣ እሺ፣ እንሄዳለን አልኩህ። አየኸኝና ዓይንህ ሳቀ። በማግሥቱ የለህም።

ይህን ያኔውኑ ለፌቨን ነገርኳት። ልጃችን አሁንም እዚያው ጦር ኃይሎች አካባቢ ትኬት ቢሮ ነው የምትሠራው። ባለፈው ወር ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የሙት ዓመቱን እንዴት አሰባችሁ ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው ደግ ናቸው፣ ጴንጤ መሆናችንን እያወቁም አንተን እንዲሁ ዝም ብለን እንዳናልፍህ ሰግተው ነው። ተዝካር አናወጣም አልኳቸው። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ አሉኝ። ፌቨን ማታ ስትገባ ብነግራት፣ እማዬ አባዬ የመረጠው ደሴት እወስድሻለሁ፣ ለእኛ ለሠራተኞቹ በቅናሽ ይሰጡናል አለችኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ፓስፖርት የሚሉትንም አወጣሁ። ፎቶው ላይ የተቆጣሁ መስያለሁ።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ከዚያ ነው። ልጅህ እንደ አንተው ናት፣ ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም። በሐምሌና በነሐሴ ሲሸልስ ነፋስ ነው፣ ባሕሩም ይናወጣል አለችኝ። ደግሞስ ሲሸልስን ለፀደይ ሰጥቷት አልነበር እንዴ አለች። እውነቷን ነው። ምናልባት አባዬ ያለው የፈረንጆቹን ክረምት ይሆናል፣ ከዚያ ጣቢያ የሰማውን ብላ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። የእነሱ ክረምት የእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። ያኔ ፀሐይ እኛን ሲያቃጥለን እነሱ በረዶ ይጠርጋሉ፣ እሱንም ክረምት ይሉታል። እሺ እንግዲህ የእነሱን ነው ብዬ ተስማማሁ። ስታጣራ ለካ ሲሸልስ ዝናቡ የሚበረታው በዚያው በታኅሣሥና በጥር ነው። በእኛም ክረምት አይሆንም፣ በእነሱም አይሆንም። ተናደድኩብህ ማቴ። አንድ ደሴት ለሁለት ወቅት አይሰጥም ብለህ ራስህ ያወጣኸውን ሕግ በመጨረሻዋ ቀን ታፈርሰዋለህ? ፎቶህን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ማታ መልሼ አዞርኩት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። ድምፄ ዘግቶ፣ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ተኝቼ ነበር። እትዬ አስካለ ልቅሶ አብረን እንድንደርስ ሊጠሩኝ በር ላይ ቆመው ተጣሩ። ከተኛሁበት እንደምንም መለስኩላቸው። ፌቨን ከጓዳ ብቅ አለችና፦

«እማዬ፣ ሲሸልስ ነው ያልሻቸው?» አለችኝ።

«ምን ሲሸልስ አመጣሽብኝ፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ ነው ያልኩት።»

እትዬ አስካለ ከውጭ ምን ሆናችሁ ይላሉ። ፌቨን በእጇ የያዘችውን ሳህን አላስቀመጠችም፣ እኔም ነጠላውን ከአፌ አላነሳሁም። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና በነጠላው ውስጥ ሆኜ ሁለቱንም ቃል ደጋግሜ እንድላት ጠየቀችኝ። ፊቷን አዙራ ሰማችኝ። አንዱንም አልለየችውም። ሳቅን። በጣም ነው የሳቅነው። ከዚያ ለቅሶው መጣ።

ምን ነበር ያልከኝ ማቴ? የክረምቱን ሲሻለኝ እነግርሻለሁ ልትለኝ ነበር? የክረምቱን ሲሻለኝ እመርጣለሁ? እንደሚሻልህ አስበህ ነበር ማለት ነው? አንተ እድናለሁ ስትለኝ እኔ ጥሩ ምርጫ ነው አልኩህ። ዓይንህ የሳቀው በዚህ ይሆን? ወይስ በእርግጥ ሲሸልስ ብለህ፣ ደከመህና ሕጉን ረሳኸው? አንዳንድ ቀን ጠዋት አንዱ ነው እላለሁ፣ ከሰዓት ሌላው ነው እላለሁ። ሱቅ ቁጭ ብዬ ጆግ የጠየቀችኝን ሴት ሲሻልሽ አልኳት። ቆማ አየችኝ።

የባሰው ይሄ ነው። እኛ የምናምነው አሁን ባለህበት ሕመም እንደሌለ ነው። መዝሙሩም የሚለው ይህንኑ ነው፣ በቀብርህ ላይም የተሰበከው ይህንኑ ነው። እንግዲያው ተሽሎሃል። ሲሻለኝ ያልከው ቀን ደርሷል፣ የክረምቱንም መርጠህ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሙታን ከሰው ጋር አይነጋገሩም ብዬም አምናለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ። ቆርቆሮው ሲደበደብ አንዳንዴ ጆሮዬን ወደ አንተ ቦታ ሳስጠጋ ራሴን አገኘዋለሁ።

ፌቨን ለነገ መልስ ትፈልጋለች፣ ቅናሹ አይጠብቅም። አስቤ አስቤ የወሰንኩትን ልንገርህ። ነገ ዛንዚባር እላታለሁ። አጣርታለች፣ በእኛ ክረምት እዚያ ደረቅ ነው። ሳቅ ብትፈልግ ሳቅ፤ ጎረቤት ናት፣ በሚኒባስ ይደረሳል በል። ሦስቱን አንተ መርጠሃል፣ አራተኛውን ተራው ደርሶኝ እኔ መረጥኩ። ሲሸልስ ግን አልሄድም። በአፍህ ላይ የቀረችውን ደሴት ያላንተ ረግጬ ምን አደርግባታለሁ? እሷ ሁለታችንም ሲሻለን ናት።

አልረሳህም ማለት ቀላል ስለሆነ እሱን ብቻ ብዬህ አልዘጋም። ክረምት ገብቷል፣ ኮልፌም ቀራንዮም ጉንፋን ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቄ ደጃፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰዉ ሁሉ ሲሻለኝ እመጣለሁ፣ ሲሻለኝ እከፍልሻለሁ፣ ሲሻለኝ እደውላለሁ ይላል። አንዱ ይህን ቃል ባወጣ ቁጥር ጭንብልህን ከአፍህ ላይ ገለጥ አደርገውና እንደገና እጠይቅሃለሁ።

ዘነበችህ