አፕሉ ያለበት ክፍል በር

ወንድሜ ጌዲዮን፣

ደኅና ነኝ፤ ዛሬ ግን ለጥቂት ተረፍኩ። እኛ ጨንቻ ገለባ ላይ የምናስተኛው አፕል ወዲያው ይጨማደዳል። እዚህ አቃቂ ግን በቀዝቃዛ ክፍል ዘግተው ኦክስጅኑን ስለሚቀንሱበት፣ ከወራት በኋላም ዛሬ የተለቀመ ይመስላል። ባለቤቱ ጋሽ ሙሀመድሁሴን እንግዳ መጣልኝ ብለው ጥንቃቄውን ሁሉ ረሱና በሩን ከፈቱልኝ። «በሞቴ ግባ!» ይሉኛል፤ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እላለሁ። እንዲህ ስንገባበዝ ሠራተኛቸው ሮዳስ እየጮኸች ደርሳ ወደ ኋላ ጎተተችን። ክፍሉ ገና አየር አልገባበትም ነበር። ሻማ ለኩሳ በረጅም ዘንግ ወደ ውስጥ ሰደደችው፤ ድርግም አለ። አንዳችን ቶሎ እሺ ብንል ኖሮ እንደ ሻማው በሆንን ነበር።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬን፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ቤትህ ስመጣ ግን በር ላይ በሞቴ አትበለኝ፤ ዝም ብለህ ቅደም።

ማዳልቾ