የጋሽ ተስፋዬ ቀኝ እግር

ጥር 5፣ ጠዋት 2፡15
ማሾ 11 ኩንታል፣ ማሽላ 6፣ ጤፍ 3 ተኩል። ሁለቱ የማሾ ጆንያ እርጥበት አለው፤ ለብቻው አሰጣሁት። ጋሪዎቹ በጊዜ ገቡ። አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ቀን ይመስላል። ጎረቤቴ ጋሽ ተስፋዬ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘይት ይቀባል። የልጄን የሐሰንን የሰርግ ልብስ እስከ ጥር 25 ካላደረስክ ጆንያ አልብሼ ነው የምድረው አልኩት። ጆንያው ከመረጥሽው ጨርቅ ይሻላል አለኝ። ጨርቁን የመረጠው እሱ ነው።

ያው ቀን፣ 11፡20
9 ሰዓት ላይ የሰርግ አጀብ በአስፋልቱ መጣ። ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ጀማል፣ እኔን በየሳምንቱ ወደ ገጠር የሚያመላልሰኝ ባለባጃጅ። ባጃጇን በሁለት ጎማ አቁሞ ይዞራል። ሁለት ሚዜዎች በተነሳው ጎን ተንጠልጥለዋል። ሰው ያጨበጭባል። ጎማዋ መሬት ስትነካ መሪው አመለጠው፤ ባጃጇ ቀጥ ብላ ጋሽ ተስፋዬ በረንዳ ላይ ወጣች። ሚዜዎቹ ዘለሉ። ጋሽ ተስፋዬ አልዘለለም፣ እግሩ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተሰበረ። አጀቡ አልቆመም። ጡሩምባው ከተማው ጫፍ እስኪደርስ ይሰማ ነበር።

ጥር 6
ሆስፒታል ደርሼ መጣሁ። እግሩ ጄሶ ገብቷል። ስድስት ሳምንት መርገጥ የለም። አጥንቱን ትቶ የሚያወራው ስለ ትዕዛዙ ነው፦ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ የሰው ጨርቅ ተቆርጦ ተቀምጧል።
ትራፊኩ ባጃጇን ይዟል፤ የጀማልን መንጃ ፈቃድም። ፈቃዱ ሦስት ወር ይታገዳል፣ ክስም ይከተላል፣ እስርም ሊኖር ይችላል አለኝ። ጥሩ አልኩ። ለልጁ ክፉ አልመኝም። ግን በዚህ መንገድ ዳር ሃያ ዓመት ሸጬበታለሁ። ግመል ይሻገርበታል፣ ተማሪ ይሻገርበታል፣ ባለተሳቢ መኪና ቀን ከሌት ያልፍበታል። ቅጣቱ ካልከበደ ማን ይሰማል?

ጥር 8
የጀማል እናት ወ/ሮ ፋጡማ የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስን ይዛ ሱቄ መጣች። ሽምግልና እንዲቀመጥ፤ ጋሽ ተስፋዬ ይቅር ካለ ሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ጽፈው ክሱም እገዳውም እንዲቀር ይለምናሉ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ነኝና እንዳግባባው ለመነችኝ። አላግባባም አልኩ። ሼህ ኢድሪስ ሳቁ፤ ተስፋዬ እኮ ትናንት ይቅር ብሏል አሉኝ። ሆስፒታል ሊጠይቁት ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ!
ተናድጄ ሆስፒታል ሄድኩበት። ለምን እንዲህ ቸኮልክ? "ከድጃ፣ ሼሁ ቆመው እኔ ተኝቼ እንዴት እንቢ ልበል?" አለ። በይሉኝታ ይቅር ይባላል? የኛ ሰው ይቅርታ ከእንግዳ አቀባበል ጋር ተደባልቆበታል። እግሩን የሰበረው ሰው ምን እንዳደረገ እንኳ ሳይጠየቅ ነገሩ አለቀ።

ጥር 9፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ማሾ 4 ኩ. ብቻ። ሚዛን ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛኔ ሁለቴ ተሳሳተ። አምና የእህቴ ልጅ ስትዳር ጀማል ያንኑ ነው ያደረገው። በሁለት ጎማ ሲዞር ብር አውጥቼ መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ልማዱ ነው፤ የሙሽራ ዘመድ ካልሸለመ ይታማል። ሼህ ኢድሪስም ልጃቸውን ሲድሩ ሸልመዋል፣ አይቻለሁ። ሊሸመግሉ የታሰቡትን አምስት ሰዎች ቆጠርኩ። ያልለጠፈ አንድ ነው፤ እሱም ሰርግ ስለማይወድ።
ትራፊኩ ለዚህ ቅጣት የለውም።

ጥር 12
ጥምቀቱ አለፈ፤ ጋሽ ተስፋዬ ታቦት መሸኘት ቀረብኝ ብሎ አዝኗል። ከሆስፒታል ወጥቷልና ዛሬ ሽምግልናው እሱ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። እኔም ገባሁ። ጀማል ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆመ፤ አንገቱ ቀጥኗል። ዱአ ተደረገ። ሼህ ኢድሪስ ወደ ደብዳቤው ሊሄዱ ሲሉ እጄን አነሳሁ።
ይቅርታው ይሁን አልኩ። እስር እንዳይኖር ለምኑ፣ እኔም እፈርማለሁ፤ እናቱ ሌላ ጧሪ የላትም። እገዳው ግን ይቆይ። ሦስት ወር መሪ አይንካ። ደግሞ ሁላችንም ለጥፈናል፤ እኔ አምና ለጥፌያለሁ። ልጁ በሁለት ጎማ መሄድ ከትራፊክ አልተማረም፣ ከኛ ነው የተማረው።
አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሼህ ኢድሪስ ጺማቸውን ይዘው "እውነት ነው፣ እኔም እጄ አለበት" አሉ። እኚህን ሰው በዚህ ነው የምወዳቸው።
ከዚያ ጋሽ ተስፋዬን ጠየቅኩት፦ አንተስ ምንድን ነው የምትፈልገው? ይቅር ማለቱን ተወው፤ የጎደለህን ተናገር። መጀመሪያ አፈረ። ኋላ "እግር" አለ። እጄ ጤነኛ ነው፣ ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ መኪናው ጤነኛ ነው። የሚረግጥ እግር ነው ያጣሁት።
ሁሉም ጀማልን አየ። ጀማል እግሩን አየ።
በዚሁ ተፈረመ፦ ጄሶው እስኪፈታ ጀማል ይረግጣል።

ጥር 15
ከማሾዬ ይልቅ በረንዳው ላይ ሰው በዛ። ጋሽ ተስፋዬ አግዳሚው ላይ፣ ጄሶው በርጩማ ላይ፤ ጀማል ከጎኑ ተጠግቶ ይረግጣል። እጅ የአንዱ፣ እግር የሌላው። ጀማል መርገጥ የሚያውቀው ነዳጅ ነው፤ መርፌዋ ጨርቁን ይዛ በረረች።
"ሱታ! ሱታ አንተ ልጅ! ቀስ!" ጋሽ ተስፋዬ ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድመዋል።
"እሺ ጋሼ።"
"ኩርባ ላይ ነን፤ ኩርባ ላይ ምን ይደረጋል?"
"ፍሬን ጋሼ።"
"አቤት! ይህን ያኔ ብታውቀው እኔም በእግሬ እሄድ ነበር።"
ሰው ሳቀ። ጀማልም ሳቀ፣ ከዚያ ደንግጦ ወደ መርገጫው አጎነበሰ። እስከ ማታ አንድ ሱሪ ፈቱ፣ ሁለት ሰፉ። መጥፎ አይደለም።

ጥር 17
ጠዋት ማሾ 9 ኩ.፣ ደረቅ፣ ጥሩ። የሐሰን ኮት እጅጌው ገባ። ጀማል አሁን ቀጥታውን ስፌት ሳይጮኽበት ይረግጣል። ጋሽ ተስፋዬ ልጁ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩ ጥሩ ነው አለኝ። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅም እገዳው ገና ይቀረዋል፤ እዚያው ይቆይ እንደሆነ ጠየቅኩት። ቁልፍ መትከል ከቻለ አለ። በቃ፣ ሰውዬው ልጁን ለምዶታል።
የመንገዱን ነገር ሳስብ፦ ቅጣቱ ከባድ ይሁን፣ አሁንም እላለሁ። ግን ከባድ ማለት ረጅም ማለት ብቻ አይደለም። ጀማል ቢታሰር የሚያየው ግድግዳ ነበር። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው ያንን ጄሶ ነው።

ጥር 18፣ 10 ሰዓት
ምሳ ላይ ሐሰን አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ጠየቅኩት። የሙሽራዋ አጎት ለሰርጉ ሁለት ባጃጅ አዘጋጅቷል፣ በሁለት ጎማ የሚሄዱ። ሐሰንም ያውቃል፤ ሳምንት ሆኖታል።
"እማ፣ ያለሱ ሰርግ ለቅሶ ይመስላል ይላሉ። የነሱ ወገን ነው፣ እንዴት እንቢ ይባላል?"
አንተም እንደ ጋሽ ተስፋዬ ነህ አልኩት፤ ሰው ቆሞ እንቢ ማለት ያቅታችኋል። አኮረፈ። ትንሽ ቆይቶ፣ እሺ አንቺ ንገሪያቸው አለ። ሸክሙ ሲወርድለት ፊቱ ላይ አየሁት። ጨምሮ በላ።
አጎትየውን ሳይሆን የሙሽራዋን አባት ነው የማነጋግረው፤ ሰርጉ የሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ባጃጅ ይምጣ፣ በሦስት ጎማ ይሂድ። በሁለት ጎማ የመጣ ከአጀቡ ይወጣል፤ ከኔ ቤት ሰው መስታወት ላይ የሚለጥፍ የለም፣ የለጠፈ ምሳ አይቀርብለትም። ይቀየመኛል። ይቀየም፤ እስከ 25 ሰባት ቀን አለ፣ ቅያሜ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይወርዳል።
ሼህ ኢድሪስ ጋ ሰው ላኩ፣ አብረውኝ ይመጣሉ። አባትየው ኩሩ ሰው ነው፣ በአፋርኛ ሳይቀር ይከራከርሻል፣ እኔ ልኑርልሽ ብለዋል።

ነገ፦ ከጠዋቱ 12፡30 ከሼህ ኢድሪስ ጋር ጨፋ ሮቢት፣ የሙሽራዋ አባት ቤት። በሚኒባስ። ስመለስ ለጋሽ ተስፋዬ ጥቁር ክር፣ ሦስት ጥቅል።