ለቀብር ያልደረሱት

ማክሰኞ ሚያዝያ 7፣ ጧት 1 ሰ.
ጎደሬ ቀቅዬ በላሁ። መነጽር አደረግሁ። አንተ ደብተር፣ ዛሬም ከወንጌሉ ያነበብኩት ሦስት መስመር ነው። የፋሲካ እሑድ ጸሎት ቤት ቆሜ የትንሣኤውን ምዕራፍ የማነበው እኔ ነኝ! ሽማግሌዎቹ ለወጣት እንስጠው ብለው ነበር። እንቢ አልኩ። ሚስቴ አስቴር እያለች እሷ ታነብልኝ ነበር። ከሞተች ሁለት ዓመት። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁን ራሴ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ልጄ ምሕረት ሳቀችብኝ። አባባ፣ ባንተ ንባብ ጌታ የሚነሣው ሰኞ ነው አለች። መጽሐፉን ግን አልሰጠኋትም።

ረቡዕ 8፣ ከሰዓት 11 ሰ.
ጉድ አገኘሁ! ሴቶቹ መቃብሩን ሊያዩ የሄዱት በሦስተኛው ቀን። ደቀ መዛሙርቱማ ሸሽተዋል፣ ቀብር አልቆሙም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ይህን አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ይገባል?
ዳልኬን አስታወሰኝ። የአስቴር ወንድም፣ ሁምቦ ከተማ የሚኖረው። እህቱ ስትቀበር አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መጣ። ሰው ሁሉ እያየ ከለቅሶው ድንኳን በር መለስኩት። እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ልክ ነበርኩ።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ 10 ሰ.
ጸሎት ቤት ሞልቷል። መጋቢው ኃጢአታችንን ተሸክሞ ሞተ አለ። ይሄን አውቃለሁ። ለቸነከሩት ምሕረት ለመነ ሲል ግን አንገቴን ደፋሁ።
ቤት ገብቼ ንባቤን ቀጠልኩ። ጌታ ከተነሣ በኋላ እነዚያን የሸሹትን ምን ብሎ ጠራቸው መሰለህ? ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ሦስቴ። አላመንኩም፣ ምሕረትን ጠራሁ።
«‹ወንድሞቼ› ነው የሚለው፣ አባባ።»
ወቀሳ የለ! ለቀብሬ የት ነበራችሁ የለ! ሞትን ያሸነፈ የቀብር ቂም ምን ያደርግለታል? መቃብሩ ባዶ ነው እኮ። አስቴርም ትነሣለች። እኔ ነኝ ሁለት ዓመት መቃብሯ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ ወንድሟን የማባርር። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

ቅዳሜ 11፣ ጧት 12 ሰ.
ኮቴን ለብሻለሁ። ምሕረት ልደውልለት አለች። በስልክ አላባረርኩትም፣ በስልክ አልጠራውም። ሁምቦ እሄዳለሁ። ነገ ሳነብ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ ማለት አለ። አፌ አልለመደውም። መንገድ ላይ እለማመዳለሁ። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ዳልኬ፣ አጠፋሁ፣ እህትህ… ሹፌሩ ጠራኝ፣ ሄድኩ።